ጀነሬተር ላይ ቤንዚን ሳይፈስ ለመሙላት

የተሰካውን ሁሉ ነቅለው ሞተሩን ያጥፉና ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የተንጠባጠበ ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል። ማታ ከሆነ የእጅ ባትሪ ይያዙ፤ ሻማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከ20 ሊትር ጀሪካን በቀጥታ አይቅዱ፤ ይከብዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ባለ 5 ሊትሩ ይበቃል። የታንከሩን ክዳን ቀስ ብለው ይፍቱ፣ የታመቀው ትነት ይውጣ። ዋናው ነገር የጀሪካኑ አያያዝ ነው፦ አፉ ከላይ በኩል እንዲሆን አድርገው ያጋድሙት። አፉ ከታች ከዋለ አየር መግቢያ ያጣና ጉልጭ ጉልጭ እያለ ይረጫል።

ጢም አድርገው አይሙሉ። በታንከሩ አፍ ውስጥ ባለው ማጥለያ ላይ ቀይ ምልክት ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ ከአፉ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ያቁሙ። ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 1 በመቶ ያህል ይሰፋል። ደሴ በጠዋት ብርድ እስከ አፉ የተሞላ የ15 ሊትር ታንከር ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሲወርድ ሁለት የቡና ስኒ ያህል ሊተፋ ይችላል። ለጉዞማ የቤንዚን መዝጊያውንም ይዝጉ።

ከፈሰሰ በጨርቅ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ጀሪካኑን አርቀው ሞተሩን ያስነሱ።