ከቅዳሴ መልስ እንጆሪ የለም፦ ፍሬ ለቀማ ስትወጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ከርማ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት "እማዬ ተነሽ፣ ኮክ ልንለቅም ነው" አልኳት።

"የማንን ኮክ?"

"የገበሬውን።"

"ስንት ይከፍሏችኋል?"

"ኧረ የምንከፍለው እኛ ነን።"

ትንሽ ዝም አለች። "ቤንዚን አቃጥላችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ተሸክማችሁ፣ ደግሞ ከፍላችሁ?" ብላ ነጠላዋን አንስታ መኪና ውስጥ ገባች።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ደንበኛው ራሱ ማሳ ገብቶ የሚለቅምባቸው እርሻዎች ሞልተዋል። ጀርመንታውን ያለው በትለርስ ኦርቻርድ በፈረንጆቹ ከ1950 ጀምሮ ያለ ነው። ሃዋርድ ካውንቲ ዉድባይን ላይ ላሪላንድ አለ። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ ብሉ ሪጅ ተራራ ሥር፣ ብሉመንት ላይ፣ ግሬት ካንትሪ ፋርምስ አለ። ቅርቡ ከኛ ሰፈር አርባ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ልጆች ይዤ እንዲህ ያሉ እርሻዎች መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ያልሠራሁት የለም።

ወቅቱን ሳያዩ መነሳት

"ሰመር ገባ፣ እንጆሪ እንልቀም" ይላል ሰው በጁላይ። (ሰመር የምለው ወድጄ አይደለም። ሐምሌን "በጋ" ልበል ብል አፌ እምቢ ይለኛል።) በጁላይ እንጆሪ የለም። እዚህ አካባቢ እንጆሪ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ ነው፣ አለቀ። ቼሪ ጁን ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ብሉቤሪ ከጁን አጋማሽ በኋላ ጀምሮ ጁላይን ይዘልቃል። ብላክቤሪ የጁላይና የኦገስት ነው። ኮክም እንዲሁ፤ ፍልሰታ ኦገስት 7 ሲገባ ዛፉ ላይ ደርሶ ይጠብቃችኋል፣ ለጿሚ ከዚህ የተሻለ ዊኬንድ የለም። አፕል ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ይለቀማል።

ይህም ቢሆን በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ይላል። አፕሪል ላይ አበባውን ውርጭ ከመታው የዚያ ዓመት ኮክ ሳስቶ ይቀራል። ስለዚህ የዓምናውን ቀን አትመኑ።

ከቅዳሴ መልስ መሄድ

ይቺ የራሳችን ናት፣ በፈረንጅ አናሳብብም። እሁድ ቅዳሴ ያልቃል። ጠበል ጸዲቁ አለ። በር ላይ ሰላምታው አያልቅም። ቤት ስንገባ ቁርስና ምሳ አንድ ላይ ይበላል። "ቡና ጠጥተን እንውጣ" የሚል ደግሞ መቼም አይጠፋም። አውራ ጎዳናው 270 ላይ ስንወጣ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል።

አንድ ዓመት በሁለት መኪና ሰው ጭነን እንደዚያው ደረስን። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ "የዛሬው አልቋል" አለችን። ሴት ልጄ ባዶ ቅርጫቷን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። በመጨረሻ ከእርሻው ሱቅ የተለቀመ እንጆሪ ገዝተን ተመለስን። ያውም በውድ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንጆሪ በአንድ ቀን ሁሉም አይቀላም፤ በየቀኑ የደረሰው ብቻ ነው የሚለቀመው። ቅዳሜ ማሳው ይራቆታል፣ እሁድ ጠዋት የቀረችው ትለቀማለች፣ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ገበሬው እስኪደርስ ድረስ ይዘጋዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፈረንጆቹ 9 በሚሉት፣ እዚያ ሁኑ። ፀሐዩም ገና አልከረረም። በቀትር የተለቀመ ፍሬ ሙቀቱን ይዞ ስለሚገባ ቶሎ ይበላሻል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ድረ ገጻቸውን እዩ። "የዛሬ ለቀማ" የሚል ነገር በየጠዋቱ ይለጥፋሉ፣ ዝናብ ከጣለም እዚያው ይነግሯችኋል።

መቅላቱን አይቶ መልቀም

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ገንዘቡም ጣዕሙም የሚበላሸው እዚህ ነው።

እንጆሪ፣ ብላክቤሪ፣ ቼሪ ከተቀጠፉ በኋላ አይጣፍጡም። ቤት ይበስላል ብላችሁ የወሰዳችሁት እንጆሪ ቤት የሚያደርገው መበስበስ ብቻ ነው። ቅጠሉ ሥር ያለውን ትከሻውን እዩት፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። ስትለቅሙም ፍሬውን አትጎትቱ፣ ግንዷን በጥፍራችሁ ቀንጥሱ።

ብላክቤሪ ያታልላል። የሚያብለጨልጨው ጥቁር ገና ነው፤ ይኮመጥጣል። የደረሰው ደብዘዝ ያለ ነው፣ ስትነኩት ራሱ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ብሉቤሪ ላይ ደግሞ ግንዷ ጋ ቀይ ቀለበት ካያችሁ አልደረሰችም። አውራ ጣታችሁን በዘለላው ላይ ቀስ ብላችሁ ስትገፉ የደረሱት ይረግፋሉ፣ ያልደረሱት አይነቃነቁም።

ኮክን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እኔ ቀይ ቀዩን ስለቅም እሷ አንድ ዛፍ ሥር ቆማ አንዱን ፍሬ እያዞረች ታየዋለች። "ምን ታያለሽ?" አልኳት። "ፀሐይ የመታውን ፊቱን አትዪ፣ ጀርባውን እዪ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮክ ላይ ቀይ ቀለም የዓይነቱና የፀሐይ ነው፣ የመብሰል ምልክት አይደለም። ከቀዩ ሥር ያለው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ከዞረ ደርሷል። በጣት ጫፍ አትጫኑት፤ ነገ የጫናችሁበት ቦታ ይጠቁራል። በመዳፍ ይዛችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት በቀላሉ መውጣት አለበት።

ኮክ ከእንጆሪ የሚለየው ተቀጥፎም በመለስለሱ ነው። ስለዚህ ግማሹን የለሰለሰ፣ ግማሹን ጠንከር ያለ ልቀሙ። ይህን ባላወቅኩበት ዓመት ግማሽ ቡሽል ለቀምኩ። ወደ 25 ፓውንድ ማለት ነው፣ ከ11 ኪሎ በላይ። ማክሰኞ ዕለት ሁሉም በአንዴ በሰለ። ረቡዕ ጎረቤት እየለመንኩ አድል ነበር።

ሂሳቡን ሳይጠይቁ ቅርጫት ማንሳት

አንዱ እርሻ በፓውንድ ያስከፍላል፣ ሌላው በዕቃ፣ ሌላው መግቢያም አለው። መግቢያ ያለበት ስድስት ሰው ይዞ መሄድና ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ለየቅል ነው። በፓውንድ ከሆነ ልጆቹን ተጠንቀቁ፣ ቅርጫቱ ካልሞላ ለቀማው ያለቀ አይመስላቸውም። አንድ ኳርት የሚይዝ ሳጥን እንጆሪ ፓውንድ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ በዚያ አስሉት። የራሳችሁን ዕቃ ከያዛችሁ ባዶውን መጀመሪያ አስመዝኑ።

እሸት ነው ብሎ መብላት

አገር ቤት መንገደኛ ከማሳ ዳር ሽምብራ እሸት ቢቀጥፍ ሌባ የሚለው የለም። እዚህ አንዳንዱ እርሻ አንድ ሁለት ፍሬ መቅመስን ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ በግልጽ "ሳትከፍሉ አትብሉ" ብሎ ለጥፏል። አንብቡት። ቢፈቀድም ፍሬው መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፣ ሳይታጠብ ሆድ መሙላት ደግ አይደለም። እናቴ ግን ኮኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በላችው። ምን ላድርግ፣ ሚዛኑ ጋ ለአንድ ፍሬ ተጨማሪ ልክፈል ስል የእርሻው ሰውዬ ሳቀ።

በነጠላና በሰንደል ጫማ መግባት

የብላክቤሪ ቀለም ከነጭ ልብስ አይለቅም። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። ማታ ልጆቹን ስታጥቡ ከጉልበት ኋላ፣ ብብትና ከጆሮ ጀርባ ፈትሹ። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። ቶሎ ከወጣ የመያዝ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት። አጥር ዳር ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ካያችሁም አትንኩ፤ ፖይዝን አይቪ የሚሉት እሱ ነው፣ ለሳምንታት ያሳክካል። የወደቀ ኮክ ላይ ደግሞ ተርብ ይሰፍራል።

ቤት ገብቶ ሁሉንም ማጠብ

ንጽሕና ስለምንወድ እንደገባን ሲንኩን ውሃ እንሞላለን። እንጆሪና ብላክቤሪ ታጥበው ከተቀመጡ በማግስቱ ይሻግታሉ። ሳታጥቡ፣ በጥልቅ ዕቃ ሳትቆልሉ፣ ዘርግታችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ ስትበሉ ብቻ እጠቡ። የተረፈውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ትሪ ላይ ነጠል ነጠል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሲጠነክር ወደ ፌስታል ይዛወራል፣ እርስ በርሱም አይጣበቅም።

ያልለሰለሰ ኮክ ግን ፍሪጅ አይገባም፤ ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል። እናቴ የለቀመቻቸውን ጋዜጣ አንጥፋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በግንዳቸው በኩል ወደ ታች አድርጋ ደረደረቻቸው። በየጠዋቱ ትመጣና እያሸተተች ሁለት ሦስቱን ለቁርስ ትለያለች። አርብ ላይ አራት ቀርተው ነበር። "ቅዳሜ እንሄዳለን?" አለችኝ፣ ነጠላዋን ሳይሆን የኔን የድሮ ጂንስ ይዛ።