የስኳር ሕመም ላለበት ሰው የአፍ ማቃጠል፦ የሌዘር ሕክምናን እንዴት እንደሚጠቀሙበት

ምላስዎ ትኩስ ሻይ የላጠው ያህል እያቃጠለዎት፣ በመስታወት ሲያዩት ግን ቁስልም መቅላትም ካልታየበት፣ «ምንም የለብዎትም» ቢባሉ እንኳ ሕመምዎ እውነተኛ ነው። ስኳር የጎዳቸው ቀጫጭን ነርቮች እግርን እንደሚያቃጥሉ ሁሉ ምላስን፣ ከንፈርንና ላንቃንም ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ስለ ሌዘር ከመነጋገርዎ በፊት ግን ሌላ ሊታከም የሚችል ምክንያት አለመኖሩን ያጣሩ፤ ይህን በችኮላ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። የሦስት ወሩን የስኳር ሁኔታ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ ያድርጉ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ሊያንሰው ስለሚችል፣ እሱንና የብረትን መጠን ያስለኩ። ስኳር ከፍ ሲል ምራቅ ይቀንሳል፣ በአፍ ውስጥም ፈንገስ በቀላሉ ይራባል፤ ፈንገሱ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ አፍን የማቃጠል ጠባይ ቢኖረውም በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡት።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ማቃጠሉ ካልተወዎት ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ሊሞከር ይችላል። ይህ ሌዘር አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፤ ቀይ ወይም ለዓይን የማይታይ ብርሃን ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ በአብዛኛው ከ630 እስከ 980 ናኖሜትር፣ ኃይሉም ብዙውን ጊዜ ከ500 ሚሊዋት በታች ነው። ሕመምን እንደሚያስታግስ ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተሠሩና አሰጣጣቸውም የተለያየ ስለሆነ፣ «ፈጽሞ ይድናሉ» ብሎ ቃል የሚገባልዎትን አይመኑ።

በቀጠሮው ቀን ምግብዎን በልተው፣ መድኃኒትዎንም በሰዓቱ ወስደው ይሂዱ፤ ስኳር የሚወርድብዎት ከሆነ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። እርስዎም ባለሙያውም መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ መሣሪያው አይብራ። ባለሙያው ምላስዎን በጎዝ ይዞ፣ እስክሪብቶ የመሰለውን የመሣሪያውን ጫፍ በሚያቃጥልዎት ቦታ ላይ ነጥብ በነጥብ እያሳረፈ፣ በየነጥቡ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለተከታታይ ሳምንታት ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ እብጠት ወይም ነጭ ምልክት ካለ ግን ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ብርሃኑ በዚያ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ያድርጉ።

ሕክምናው ከመጀመሩ ከአንድ ሳምንት በፊት አንስቶ፣ የማቃጠሉን መጠን ጠዋትና ማታ ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር በደብተር ይመዝግቡ፤ ማታ ማታ የሚብስባቸው ብዙዎች ናቸውና አንዱን ብቻ መጻፍ ያሳስታል። ከጎኑም በባዶ ሆድ የተለካውን ስኳርዎንና እንደ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ ወይም አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ያሉ የሚያባብሱ ነገሮችን ያስፍሩ። የተስማሙበት የሕክምና ጊዜ አልቆ ቁጥሩ ካልቀነሰ፣ ተጨማሪ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ደብተሩን ለሐኪምዎ አሳይተው ስለ ነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ይጠይቁ።