ቅዳሜና እሑድን በሞምባሳና በዲያኒ፤ በትንሽ በጀት የሚሄድ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

ዓርብ ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ኬንያ የወደብ ከተማ ሞምባሳና ከእሷ በስተ ደቡብ ወዳለው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ወርዶ እሑድ ማታ የሚመለስ ተጓዥ ባሕሩ ዳር የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ነው። በጀቱን የሚያናጋው ዓሣ መወደዱ ወይም አልጋ መጥፋቱ አይደለም። ገንዘቡ የሚፈሰው ሰዓት ሳይሰላ ሲቀር ነው፤ በማይሆን ባቡር ሲኬድ፣ በማይሆን ሰልፍ ሲቆም፣ ባሕሩ በሌለበት ሰዓት ወደ ባሕር ሲወረድ። “ባሕሩ በሌለበት” የተባለው በቀልድ አይደለም፤ ኋላ ላይ እንመጣበታለን።

መሄጃ ቆርጦ መመለሻን “እዚያ ስደርስ አያለሁ” ማለት

ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው የእሑድ ከሰዓት ባቡር ነው። ሁለቱንም ትኬት በአንድ ቀን ቁረጡ። የኬንያ ሲም ካርድ ያለው ሰው *639# ብሎ ገብቶ በኤም-ፔሳ መክፈል ይችላል። ሲሙ በፓስፖርት ይመዘገባል፤ ትኬቱ ላይም የፓስፖርቱ ቁጥር ሳይሳሳት ይግባ፣ በር ላይ ያመሳክሩታል። የኢኮኖሚ ዋጋ በ2024 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1,000 ወደ 1,500 ሽልንግ ወጥቷል፤ አንደኛ ማዕረግ ደግሞ ከ3,000 ወደ 4,500። ኢኮኖሚ ውስጥ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ለአምስትና ስድስት ሰዓት መንገድ ጉልበት መዘርጊያ ብሎ ሦስት እጥፍ መክፈል ግን የበጀት ጉዞ አይባልም።

መነሻ ጣቢያው ሲዮኪማው ነው እንጂ መሃል ናይሮቢ አይደለም። ዓርብ ከሰዓት ወደ ጣቢያው የሚወስደው የሞምባሳ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ይቆማል። ከመሃል ከተማው የድሮ ባቡር ጣቢያ ወደ ሲዮኪማው የሚያደርሰውን የከተማ ባቡር መያዝ ከታክሲ ይረክሳል፣ መጨናነቅም አያውቅም። ጣቢያው በር ላይ ሻንጣ መሬት ተደርድሮ ውሻ ያሸተዋል፤ ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ ትኬት ማተም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። አንድ ሰዓት ቀድሞ ያልደረሰ ሰው ትኬቱን ይዞ ባቡሩን ይሸኛል።

“የሌሊቱ ባቡር የአልጋ ያተርፋል”

ወረቀት ላይ ያምራል። ባቡሩ ማታ 4 ሰዓት ተነሥቶ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሚሪቲኒ ያወርዳችኋል። ሚሪቲኒ ከሞምባሳ ደሴት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ጣቢያ ነው። በዚያ ጨለማ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲያቸው) የለም ማለት ይቻላል፤ የኮንትራት ሾፌሮቹም ይህን ያውቃሉ። አልጋ ቤቶች ክፍል የሚሰጡት ከቀኑ 8 ሰዓት ወዲህ ስለሆነ ተጓዡ ወይ ለተጨማሪ ሌሊት ይከፍላል ወይ ወንበር ላይ ያንጎላጃል፤ ቅዳሜም በእንቅልፍ ያልቃል። የአልጋ ማትረፍ የፈለገ ሰው የሌሊት አውቶቡስ ይያዝ። ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል፣ ወገብ ይጎዳል፣ ግን ጎህ ሲቀድ መሃል ከተማ ያደርሳል። በባቡር መሄድ የሚሻ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ይነሣ። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት የሚነሣውም ጥሩ ነው፣ ዓርብን ሞምባሳ ለማደር እስካሰቡ ድረስ። ማታ 2 ሰዓት ደርሶ ያኔውኑ ወደ ዲያኒ መገስገስ ትርፉ ድካም ነው።

ሰዓቱን በእንግሊዝኛ መነጋገር

ይህ ስህተት ለእኛ ሰው የተለየ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደ እኛው ነው፤ “ሳአ ታቱ አሱቡሂ” ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ አለቀ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ባለ ጀልባው ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲናገር ነው። “ሦስት ሰዓት” ያለው በራሱ ቆጥሮ ይሁን በፈረንጅ አይታወቅም፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ባቡርና አውሮፕላን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋሉ፦ 15:00 ማለት የእኛ 9 ሰዓት ነው። ከጀልባና ከማታቱ ሰዎች ጋር ግን በስዋሂሊ ቁጥር ተነጋገሩ። ከሞጃ እስከ ኩሚ ናምቢሊ አሥራ ሁለት ቁጥር ነው፤ ባቡር ውስጥ ተጠንቶ ያልቃል።

የባሕሩን ሰዓት አለማየት

ሌላውን ሁሉ ብትዘነጉ ይህን አትዘንጉ። ባሕር በር የሌለው አገር ሰው ባሕርን እንደ ሐይቅ ያስበዋል። ላንጋኖ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ፤ ሕንድ ውቅያኖስ ግን ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሸሻል፣ በሌላ ስድስት ሰዓት ከሩብ ይመለሳል፤ በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጎደሎ መሆኑ ነው። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን በሙላቱና በጎደሎው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ሞምባሳ ላይ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። የዲያኒ ባሕር ወለል እስከ ኮራሉ (ከባሕር ፍጥረታት የተሠራ ድንጋይ) ግንብ ድረስ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሦስት ሜትር ዝቅ ሲል በመቶዎች ሜትር ይርቃል።

ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው የሚወርዱ ሰዎች የሚያገኙት እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ኩሬ ነው። “ፎቶው ዋሸን” ይላሉ። ከዚያ ለሆቴል መዋኛ ገንዳ ይከፍላሉ፣ ወይም ከመናደድ ብዛት የመጀመሪያው ጠያቂ ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ውሃው ሞልቶ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ እነሱ ኡኩንዳ (የዲያኒ ጎረቤት ከተማ) ምሳ ፍለጋ ባጃጅ ውስጥ ናቸው። ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነው፤ ለማስቀረት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

የሙላትና የጎደሎ ሰዓት ሰንጠረዥ ስትፈልጉ “ኪሊንዲኒ” የሚለውን የሞምባሳ ወደብ ስም ተጠቀሙ። ሰንጠረዥ ከሌለ ጨረቃን እዩ። ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን ጎደሎው ረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ላይ ይወድቃል፣ ሙላቱ ከሰዓት 10 እና 11 ሰዓት ላይ። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ይገለበጣል፤ ሙላቱ ረፋድ ይሆናል፣ ልዩነቱም ይጠባል። በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ቅዳሜ 4 ሰዓት የነበረው እሑድ ወደ 5 ሰዓት ተጠግቶ ነው። ዋና የሚያምረው ከሙላቱ ጫፍ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የሳምንቱ ሙላት ከሰዓት ላይ ከሆነ ጠዋቱን ለፎርት ጂሰስ (የሞምባሳ የድሮ ምሽግ)፣ ለአሮጌው ከተማ ወይም ለእንቅልፍ ስጡት።

ጎደሎውም ዋጋ አለው። ኩሬዎቹ ውስጥ የባሕር ኮከብና ትንንሽ ዓሦች ይታያሉ፤ ወደ አሸዋ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎችም የሚወጡት ያኔ ነው። ግን በባዶ እግር አትሂዱ። የባሕር ጃርት እሾህ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። ከወጋችሁ ብቅ ያለውን በወረንጦ ሳቡ፣ እግሩን የቻላችሁትን ያህል በሞቀ ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘፍዝፉ፤ በመርፌ መቆፈር ያመረቅዘዋል። ወደ ኮራሉ ርቆ የሄደ ሰው ደግሞ ውሃው መመለስ ከመጀመሩ በፊት ይመለስ፤ መጀመሪያ የሚሞሉት ከጀርባችሁ ያሉት ዝቅተኛ ቦታዎች ናቸው። የባሕር ኮከብ አንሥቶ ፎቶ መነሣት እንስሳውን ይጎዳል፤ ተዉት።

ጀልባን በ“ስንት ነው?” ብቻ መዋዋል

ባሕሩ ዳር የሚከተሏችሁ ወጣቶች በሥራ ላይ ናቸው፤ ሌባ አድርጎ ማየትም ሞኝ ሆኖ መቅረብም አይበጅም። የሚጠየቀው፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ለሰው? መነጽርና መተንፈሻ አለው? የባሕር ፓርክ መግቢያ ተካትቷል? ስንት ሰዓት ይመለሳል? የፓርክ ክፍያ ለውጭ ዜጋ ለብቻው በዶላር ስለሚተመን በጀት የሚሰብረው እሱ ነው። ክፍያ ስትመለሱ ይሁን፣ ቢበዛ ግማሹ ቀድሞ። የማትፈልጉ ከሆነ “ሀፓና፣ አሳንቴ” (አይ፣ አመሰግናለሁ) በቂ ነው። ለመገላገል ብላችሁ “ኬሾ” (ነገ) ካላችሁ ግን ቀጠሮ ይዛችኋል፤ ጠዋት በር ላይ ታገኙታላችሁ።

ሊኮኒ ጀልባ ላይ በታክሲ መሰለፍ

ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡብ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነጻ ነው። ሰልፍ የሚይዘው መኪና ነው፤ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በቆመ መኪና ይከፍላል። ታክሲውን በደሴቱ በኩል ልቀቁ፣ በእግር ግቡ፤ መሻገሩ ራሱ ደቂቃዎች ነው። እዚያ ማዶ የኡኩንዳ ማታቱ ይጠብቃል፣ ከኡኩንዳ እስከ ባሕሩ ባጃጅ (ቱክቱክ ይሉታል) አለ። ረዳቱን ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዝናብ ሲዘንብና ሲመሽ ይጨምራል። የ50 እና የ100 ሽልንግ ኖት ያዙ። ጀልባው ላይ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ስልክ ከፊት ኪስ ይግባ፣ ግፊያ አለ። ከሚሪቲኒ ጣቢያ በቀጥታ ወደ ዲያኒ ለሚሄዱ አራት ሰዎች ግን በዶንጎ ኩንዱ አዲሱ መንገድ ታክሲ መጋራት ይሻላል፤ ደሴቲቱንም ጀልባውንም ይዘላል።

“ከባሕሩ 5 ደቂቃ” የሚለውን ማመን

በምን 5 ደቂቃ? በእግር ነው በሞተር? ዲያኒ ላይ መንገዱ ከባሕሩ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በባሕሩ በኩል ያለው ሆቴል ውድ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው በግማሽም ከዚያ በታችም ይገኛል። አሸዋው የሕዝብ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ችግሩ መግቢያው ነው፤ በሆቴል አጥሮች መካከል ያሉት የሕዝብ መተላለፊያዎች ተራርቀው ነው ያሉት። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ በካርታ ላይ የምትለኩት እስከ ባሕሩ ያለውን ሳይሆን እስከ ቅርቡ መተላለፊያ ያለውን ነው። አጎበር መኖሩን ጠይቁ። መስኮት ከፍታችሁ አትውጡ፤ ጦጣዎቹ ሙዝና ዳቦ የት እንደሚቀመጥ ከእናንተ በተሻለ ያውቃሉ።

ሦስት ከተማ በአንድ ቅዳሜ

ማሊንዲ ከሞምባሳ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላሙ ከዚያም ይርቃል። አንዱን ምረጡ።

ባሕር ዳር ላይ መብላት

አንድ ሰሃን ዓሣ ፊት ለፊት ውሃ ስላለ ብቻ ዋጋው ይባዛል። ኡኩንዳ ከተማ ውስጥ ወይም በሞምባሳ አሮጌው ከተማ ፒላው፣ ቢሪያኒ፣ ሚሽካኪ (በእንጨት የተሰካ ጥብስ) በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ለጿሚ የሚመች አገር ነው፦ ምባዚ ማለት በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ ነው፤ ጠዋት ከማሃምሪ (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ) ጋር ይበላል። ማሃምሪው ወተት ወይም እንቁላል እንዳለው ግን ጠይቁ። በረመዳን ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ ማታ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚሻል ገበታ ይዘረጋል። አሮጌው ከተማ ውስጥ በመዋኛ ልብስ መዞር ነውር ነው፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብቻ መምረጥ

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ትልቁ ዝናብ ነው። ከዚያም እስከ መስከረም ገደማ የሚነፍሰው ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የባሕር ሣር ወደ ዳር ይገፋል። ባሕሩ ጸጥ የሚለው ካስካዚ (የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ) በሚነፍስበት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። የእነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይውላል፤ ከስቅለት እስከ ማግስቱ ሰኞ ናይሮቢ በሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ አልጋም ባቡርም የለም። በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻም እንዲሁ ነው፤ እኛ ገናን ስናከብር ግን ግፊያው እየበረደ ነው።

“እኔን ፀሐይም ወባም አይነካኝም”

የደጋ ሰው ባሕር ዳር ላይ ወባን የሚቋቋም አካል የለውም። ከወባ መከላከያ ክኒኖች ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለ4 ሳምንት ይወሰዳል፤ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ደግሞ ለ7 ቀን። ለሁለት ቀን ጉዞ የአራት ሳምንት ክኒን ብዙ ይመስላል፤ ሰውም ቤቱ ሲደርስ ያቋርጠዋል፣ ስህተቱ እሱ ነው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። በመነጽር ተደፍቶ የሚዋኝ ሰው ቲሸርት ለብሶ ይግባ። የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ ሐኪም ይወስን፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይዞ ይሂድ፤ ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መሆን አለበት።

ትንንሾቹ

የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ ቻርጀር አይገባም። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አትጠቅልሉበት። ፀሐይ ባሕሩ ላይ የምትታየው ስትወጣ ነው፤ ስትገባ ከጀርባችሁ በኩል ነች፣ ስለዚህ ለፎቶ 12 ሰዓት ጠዋት ተነሡ። ከመሸ በኋላ አሸዋው ላይ ብቻችሁን አትሂዱ።

እሑድን እንደ ሙሉ ቀን መቁጠር

የ9 ሰዓቱን ባቡር የያዘ ሰው 8 ሰዓት ሚሪቲኒ መገኘት አለበት። በሊኮኒ የሚመለስ ከሆነ ባጃጅ፣ ማታቱ፣ ጀልባ፣ ከዚያ ሌላ ማታቱ ይጠብቁታል፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ሁሉም ይመለሳል። ዲያኒን 5 ሰዓት ላይ ልቀቁ። ለመዋኘት የሚሆነው ሙላት እሑድ ከሰዓት ከሆነ ያን ቀን ባሕር የለም ማለት ነው፤ ያለው የቅዳሜው ብቻ ነው።