ድራምና ከበሮ ቤት ውስጥ ስንቀዳ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባሕር ዳር ውስጥ በቤታቸው ድራም መቅዳት የጀመሩ ልጆች ድምፁ አልጥም ሲላቸው ቀድመው የሚወቅሱት ማይኩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ክፍሉና የማይኩ አቀማመጥ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ ማይክ ከማስላካችሁ በፊት የእናንተን ችግር ከዚህ በታች ፈልጉ፤ ብር የሚያስወጣው ጥቂቱ ነው።

ድምፁ ጣሳ ውስጥ የተመታ ይመስላል

ሊሾ ወለል፣ የተለሰነ ብሎኬትና ዝቅ ያለ ኮርኒስ ድምፁን እየተቀባበሉ ማይኩ ላይ ይደፉታል። ለማረጋገጥ ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድራሙ ሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፤ ከተጫዋቹ ጀርባ ፍራሽ አቁሙ፤ በግራና በቀኝ ብርድ ልብስ በገመድ ስቀሉ። ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ፤ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ካለ ወፈር ያለውንም ድምፅ ይበልጥ ይይዛል። የእንቁላል ትሪ መለጠፉ ግን ይቅርባችሁ። ስስ ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ከመቀነስ በቀር አይረዳም፤ ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣም አያግድም።

የኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ጉልበት ይጠፋል፣ ወይም ክፍሉ ያጓራል

የኪራይ ክፍል ብዙ ጊዜ 3 በ3 ሜትር ነው፤ ለድራም ከማይመቹ ቅርጾች አንዱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ3 ሜትር ልዩነት በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ (በሰከንድ 57 ጊዜ የሚርገበገብ) አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ እየተመላለሰ ይጠራቀማል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ሁለቱም በዚያው ድምፅ ላይ ይደራረባሉ፤ የኪክም ጉልበት ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው አካባቢ ነው። ከላይ የተሰቀለው ማይክ ልክ ክፍሉ መሃል ላይ ከሆነ ያ ድምፅ ይጠፋበታል፤ ወደ ጥግ ሲጠጋ ያብጥበታል። ድራሙን ከመሃል አውጥታችሁ ከአንዱ ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ከዚያ ማይኩን በግማሽ ግማሽ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ እየቀዳችሁ አነጻጽሩ። ኮምፒውተሩ ላይ ባስ መጨመር ማይኩ ያልሰማውን አይመልስም።

ሁለተኛው ማይክ ሲከፈት ድምፁ ይሳሳል

እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ማይክ ይቀይራሉ፤ መፍትሄው ግን ሲባጎ ነው። የስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ ያለው፣ ከተጫዋቹ ፊት የሚቀመጠው ድራም) ድምፅ ለአንዱ ማይክ ቀድሞ፣ ለሌላው ዘግይቶ ሲደርስ ይጠፋፋል። የ1 ሜትር ልዩነት 170 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ያዳክማል፤ የስኔር ውፍረት ያለው ደግሞ እዚያ ገደማ ነው። አንድ ሰው የሲባጎውን ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ በጣቱ ይጫን። እናንተ ወደ መጀመሪያው ማይክ ወጥራችሁ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ አድርጉ፤ ሁለተኛውንም ማይክ ቋጠሮው በሚደርስበት ቦታ አቁሙ። አንደኛው ከስኔሩ በላይ፣ ሌላው በፍሎር ቶሙ (በእግሮቹ መሬት ላይ የሚቆመው ትልቅ ድራም) በኩል ሆኖ ወደ ስኔሩ ይዙር። እንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ ግሊን ጆንስ የሮክ ባንዶችን ሲቀዳ የታወቀበት አሠራር ይህ ነው። አሁንም ከሳሳ የአንዱን ማይክ ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) በሶፍትዌሩ ገልብጡና ባሱ የሚበረታበትን ምረጡ።

ድምፁ ይሰነጠቃል

ጌይኑ (የማይኩ ድምፅ የሚጎላበት መጠን) በዝቷል። ተጫዋቹ በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ጫፉ ሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከ-10 ዴሲቤል እንዳያልፍ ዝቅ አድርጉ፤ በ24 ቢት (ሶፍትዌሩ ላይ የሚመረጥ የቅጂ ጥራት) ስትቀዱ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም። ጌይኑን ጨርሳችሁ ቀንሳችሁም ከተሰነጠቀ ሳውንድ ካርዱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ የሚገባውን ድምፅ የሚቀንስ ፓድ የሚል ቁልፍ ፈልጉ፣ ወይም ማይኩን አርቁ።

እምምም የሚል ድምፅ ከሥር ይሰማል

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ የ50 ኸርዙ መብራት በቻርጀሩ ወይም በሶኬቱ ኧርዝ በኩል መግባቱ ነው። በባትሪ ቅዱ። ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ብቻ የሚያገኝ ሳውንድ ካርድ ከመረጣችሁ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

እሺ፣ ምን ልግዛ?

ከዩኤስቢ ማይክ ራቁ። ለንግግር ጥሩ ነው፤ ለድራም ግን ብዙው ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ሁለተኛ ማይክ ማከልም ያስቸግራል። መጀመሪያ 48 ቮልት (ኮንደንሰር ማይክ የሚፈልገው ኃይል) ያለው ባለሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ያዙ። የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ይበቃል፤ አራት ማይክ ካሰባችሁ የቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ። ቀጥሎ አንድ ዳይናሚክ ማይክ (ኃይለኛ ምት የሚችለው፣ 48 ቮልት የማይፈልገው) ለኪክ፣ አንድ ኮንደንሰር (ረቂቁን ድምፅ የሚይዘው) ከላይ። ዳይናሚኩን ከዘፋኝ ወዳጅ መዋስ ይቻላል፤ የሹር ኤስኤም58 ለዘፈን ቢሠራም ስኔርና ኪክ ላይ አያሳፍርም። የምትገዙ ከሆነ ሐሰተኛው ስለበዛ መዝኑት፦ እውነተኛው 298 ግራም ነው። ሰባት ማይክ በአንድ ሳጥን የሚባለውን ርካሽ ስብስብ አልመክርም። ያው ብር ለሁለት ደህና ማይክና ለማይነቃነቅ ስታንድ ቢውል ይሻላል።

ክረምት ላይ ከበሮው ሞቶ ይቀዳል

ጣና ዳር በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስብና ይላላል፤ ይህን የትኛውም ማይክ አያድነውም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከወጣች ሁለቱንም ፊት እያገላበጣችሁ አሙቁት፣ ካልወጣች ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሳይጀምር ጠዋት ቅዱ። አንድ ማይክ ብቻ ካላችሁ ከተጫዋቹ ፊት ግማሽ ሜትር ላይ አቁሙትና ወደ ከበሮው ሆድ አዙሩት፤ ትልቁንም ትንሹንም ፊት እኩል ይሰማል። ለየፊቱ አንድ አንድ ካደረጋችሁ የአንዱን ፌዝ መገልበጥ አትርሱ። ቆዳው ቤት ከገባ በኋላ እንደገና እየላላ ስለሚሄድ ዋናውን ቅጂ አስቀድሙ፤ ልምምዱ ከበሮው ሳይሞቅ በፊት ይለቅ።