ሳተርንን በዓይናችሁ ለማየት፦ ኮሌጅ ፓርክ፣ በ5 እና በ20

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስድስት ዓመት ስኖር ይሄ ሰማይን በቴሌስኮፕ የሚያሳዩበት ቦታ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ እንዳይቆጫችሁ ነው የምጽፈው።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜትዘሮት መንገድ ላይ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር በየወሩ በ5 እና በ20 ማታ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። በነፃ ነው፣ ተማሪ መሆንም አያስፈልግም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በፈረንጅ ማታ 8፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ 9 ሰዓት ነው፤ ሰመር ላይ ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅማ። እናትና አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በእኛ 2 ወይም 3 ሰዓት ብላችሁ ንገሯቸው። የዚያን ቀን ፕሮግራም ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ።

መጀመሪያ ንግግር አለ። አንድ ተመራማሪ ስለሚሠራው ነገር ለሕዝብ በሚገባ መንገድ ያወራል፣ ከዚያ ጥያቄ ይቀበላል። ሰማዩ ጥርት ካለ ቀጥሎ ወደ ቴሌስኮፖቹ ነው። ደመና ነው ብላችሁ ግን አትቅሩ፣ ንግግሩ አይቀርም።

ጥያቄ ጠይቁ! እንግሊዝኛዬ አይመችም ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም፤ ጥያቄውን በአማርኛ ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ልጃችሁ ይጠይቅላችሁ። እናቴ አንድ ማታ «አጥቢያ ኮከብ የምንላት የትኛዋ ናት?» ብላ በልጄ በኩል አስጠየቀች። ለካ ቬነስ ናት፤ ኮከብ ሳትሆን ፕላኔት፣ የራሷ ብርሃን የሌላት፣ የፀሐይን ብርሃን መልሳ የምታበራ። ሌሊት ኪዳን ስትሄድ ዕድሜ ልኳን ያየቻትን ነገር በ70 ዓመቷ አወቀቻት። ልጄ ደግሞ አያቱ ሰማይ እንደምታውቅ ያን ቀን ነው የገባው።

ቴሌስኮፑ ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ካያችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ የሌላውንም ሰው ታበላሻላችሁ፤ ስለዚህ ስልኩን ኪስ ውስጥ አስቀምጡት። ቴሌስኮፑን አትደገፉበት። ዓይናችሁን ብቻ ጠጋ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ። ብዥ ካለባችሁ ለሚያሳየው ሰው ንገሩት፣ ያስተካክለዋል።

ጨረቃን ለማየት ሙሉ የሆነችበትን ቀን አትምረጡ። ግማሽ ስትሆን ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዶቹ ጎልተው ይታያሉ። ጁፒተር ከወጣ አጠገቡ የተደረደሩትን ነጥቦች ቁጠሩ። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው፣ አንዳንዴ አንዷ ከኋላው ትደበቃለች። ሳተርን ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ግን ቀለበቱ ቁልጭ ብሎ ነው። እኔ ሳየው ሥዕል የለጠፉበት ነበር የመሰለኝ።

ክረምት ላይ ወፍራም ካፖርት፣ ለልጆቹ ኮፍያና ጓንት ያዙ፤ ቆሞ መጠበቅ ከመራመድ በላይ ያበርዳል።

ሌሊቱ የሚከብዳችሁ ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ የሚውለውን የሜሪላንድ ዴይ ቅዳሜ ጠብቁ። ቀን ነው፣ ነፃ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በሙሉ ይከፈታል። ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ካላችሁ ላብራቶሪ የሚሠሩትን ተማሪዎች ራሱ ያናግራቸው።

ማታ ከሄዳችሁ ግን ሰልፉ ቢረዝምም ትንንሾቹን ሁለቴ አሰልፏቸው። መጀመሪያ «አየሁ» የሚሉት ሳያዩ ነው፤ በትክክል የሚያዩት በሁለተኛው ነው።