«ይቺን እኮ አምና ሞልቻለሁ»፦ ዩኒቨርሲቲና የአገር ችግር ሲገናኙ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎችን አልፎ አልፎ አግዛለሁ። አብዛኞቹ «የማኅበረሰቡን ችግር ለመፍታት» ብለው ነው የሚነሱት። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አካሄዱ ላይ ግን ተመሳሳይ ስህተት ይደጋገማል። ተማሪው ብቻ አይደለም የሚሳሳተው። መምህሩም ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ።

ወስዶ መጥፋት

የባሰው ይሄ ነው። አንድ ጠዋት ከአንድ ተማሪ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ልጁ ለአንድ አጥማጅ መጠይቁን ዘረጋለት። ሰውየው አየት አደረገና «ወንድሜ፣ ይቺን እኮ አምና ሞልቻለሁ። የት ደረሰች?» አለው።

«ያ የሌላ ሰው ጥናት ይሆናል» አለ ልጁ።

ሰውየው ሳቀ። «ለእኔ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

የአምናው ልጅ ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም። ማፈራችን በቂ ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ጻፉና ሰዎቹ ጋ ተመለሱ። አንብቡላቸው። «ይሄ ልክ አይደለም» ካሏችሁ እሱንም መዝግቡ። መቶ ገጽ እንግሊዝኛ ሼልፍ ላይ ተኝቶ ለአጥማጁ ምን ያደርግለታል?

የሚታወቀውን መጠየቅ

መጠይቁ ላይ «ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ የዓሣ ሀብቱን ይጎዳል?» የሚል ነበረበት። ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አደረገ። ታዲያ ምን ተገኘ? ትንንሹ ቆሮሶ ዓሣ ሳያድግ ከወጣ ነገ የሚጠመድ እንደማይኖር ከአጥማጅ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የወጣው ልጁ ወረቀቱን አጥፎ «ታዲያ ለምን ትገዙታላችሁ?» ሲል ነው። «የእኔ መረብ ቢያሳልፈው የጎረቤቴ ይይዘዋላ!» አለው ሰውየው። መጠይቁ በሙሉ ይቺን መልስ አላመጣም። የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን መተማመን ነው ማለት ነው። እኛ ግን ዞረን «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» ብለን እንጽፋለን። (ይህ ሐረግ የሌለበት የመመረቂያ ጥናት ያያችሁ ካላችሁ አሳዩኝ።)

ችግሩን በዲፓርትመንት መቆራረጥ

ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፤ ይዞት የመጣው አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ከላይ በኩል ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ስለዚህ የአጥማጁ ችግር የሚጀምረው ከጀልባው ሳይሆን ዳገት ላይ ካለው ማሳ ነው። እኛ ጋ ግን ባዮሎጂው ዓሣ ይቆጥራል፣ ሲቪል ኢንጂነሪንጉ ጎርፍ ይለካል፣ ሶሲዮሎጂው ስለ ኑሮ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ሲቋቋም የሐዋሳን የእርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነትን የደን ኮሌጅና የዲላን የመምህራንና የጤና ኮሌጅ አንድ ላይ አድርጎ ነው። እርሻ፣ ደን፣ ጤና። ሐይቁ የሚፈልገውም ይኸው አይደል?

የማኅበረሰብ አገልግሎትን የፎቶ ቀን ማድረግ

ባነር፣ ቲሸርት፣ ችግኝ፣ ፎቶ። በሦስተኛው ወር ችግኙን የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ቢቀርስ?

ችግርን ገጠር ብቻ መፈለግ

«ወደ ማኅበረሰቡ እንውጣ» ሲባል ሁሉም መኪና ይጠይቃል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማው ጠባብ ክፍል እየተጋሩ ኖረዋል። አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (ሸቀጥን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል) ስትወጣ ሥራቸውን ያጡም አሉ። ተማሪውም ተከራይ ነው። ጥናቱን ከገዛ ግቢው ቢጀምር አበልም አያስፈልገው።

እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን ማለት

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየክፍለ ሀገሩ መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩ ብዙ ናቸው፤ ከአካባቢ ሹማምንትና ከባለመሬት ጋር የተጋጩም ብዙ ናቸው። ሰፈራችሁ ውስጥ ያኔ የዘመተ አዛውንት አይጠፋም። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ቡና ጋብዟቸውና ምን እንደሠራ፣ ምን እንደከሸፈ ጠይቋቸው። አንድ ዓመት አብሮ መኖርና አንድ ጠዋት መጠይቅ ማስሞላት ምን እንደሚለያያቸው ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል።

ሰዓት አለማወቅ

ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኛ አሞራ ገደል የወረድነው ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። ሰውየው በአንድ ዓይኑ እኛን፣ በሌላው ገዢውን እያየ ነበር የሚመልሰው። ከሰዓት በኋላ፣ መረብ ሲጠግኑ ሂዱ። ያኔ የሚያዘው እጃቸው ብቻ ነው፤ አፋቸው ነፃ ነው።