አስታማሚ ሲበዛ መድኃኒት ይሳሳታል፦ ቤት ውስጥ ለሚሰጥ መድኃኒት ችግርና መፍትሄ

እናቴን ጅማ ሂርማታ ውስጥ የምናስታምማት አራት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከሰኮሩ የመጣች የአክስቴ ልጅና አንዲት ጎረቤታችን። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ደግሞ ግራ እጇ አይታዘዝላትም። በእነዚህ ዓመታት ረስተን ያጠፋነው ጥቂት ነው። የባሰው ጥፋት የደረሰው ሁላችንም ባስታወስንበት ቀን ነው።

ከዚህ በታች የጻፍኩት የአስታማሚውን ድርሻ ብቻ ነው። መጠን መቀነስ፣ መጨመርና ማቆም የሐኪም ሥራ ነው።

«ሰጥተሻታል?» «አንተ የሰጠሃት መስሎኝ!»

ምልክቱ፦ ለ30 ቀን የተገዛው ኪኒን በ26ኛው ቀን ያልቃል፤ ወይም ቀጠሮ ደርሶ 9 ፍሬ ተርፎ ይገኛል።

እኛ ቤት መድኃኒት መሰጠቱን ምልክት የምናደርግበት ደብተር ነበረ። ችግሩ ምልክቱ የሚደረግበት ሰዓት ነበር። የአክስቴ ልጅ እንዳይረሳ ብላ የቀኑን ሁሉ ጠዋት ላይ ትሞላዋለች። ማታ እናቴ ቀድማ ትተኛለች፤ ደብተሩ «ወስዳለች» ስለሚል የሚቀሰቅሳት የለም። ሌላ ቀን ደግሞ ወንድሜ የግፊቱን ሰጥቶ በር ሲንኳኳ ሳይጽፍ ወጣ። ጎረቤታችን መጣች፣ ባዶውን ቦታ አየች፣ ደግማ ሰጠቻት።

ማስተካከያው፦ የሚጻፈው መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ነው፤ አልጋው አጠገብ እንደቆሙ። እስክሪብቶውን በክር ደብተሩ ላይ እሰሩት፤ ፍለጋ የሄደ ሰው ሳይጽፍ ይቀራል። ቀን፣ ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ስም ከነሚሊግራሙ፣ ስንት ፍሬ፣ የሰጪው ፊርማ ይግባበት። ያልተሰጠም ይጻፋል፦ «እምቢ አለች»፣ «አስመለሳት»፣ «አልቆ ነበር»። ባዶ ቦታ «አልተሰጠም» ነው ወይስ «ተሰጥቶ አልተጻፈም»? ማንም አያውቅም። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፉ፤ ድልዝ አድርጎ መደምሰስ በኋላ ያጠራጥራል። ኪኒኑን ከማሸጊያው ያወጣው ሰው ራሱ ይስጥ፣ ራሱ ይፈርም። «እዚያ አስቀምጬላታለሁ፣ ስትነቃ ስጧት» የሚባል ነገር ይቅር።

እሑድ እሑድ ቁጠሩ። 60 ፍሬ ተገዝቶ በቀን ሁለት የሚወሰድ ከሆነ በሳምንቱ 46 መቅረት አለበት። 44 ከሆነ የሆነ ቀን ተደርቧል። መቁጠሩ ሰው ለመክሰስ እንዳልሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የፈራ ሰው ደብተሩን ያስተካክለዋል እንጂ እውነቱን አይጽፍም።

ተደርቦ ከተሰጠ ለማስመለስ አትሞክሩ። ሰዓቱን ጽፋችሁ ወዲያው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ። የስኳር መድኃኒት ከሆነ ስኳሯን ለኩ፤ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ወደ ሕክምና ውሰዷት። ተረስቶ ከሆነና የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ብዙውን ጊዜ የተረሳው ይታለፋል፤ ለማካካስ ብሎ ሁለት መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። የኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ላይ ሳይጠይቁ መወሰን አይቻልም።

አንድ የጅማ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ልጅ የተማረችው በቁቤ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ታነባለች፣ ግን ቀስ ብላ። የመጀመሪያው ደብተራችን በአማርኛ ብቻ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለእሷ በየማታው ፈተና ነበር። በኋላ ለጠዋቱ ፀሐይ ለማታው ጨረቃ ሣልን፤ ጎኑ ላይ እሷ በቁቤ ganama (ጠዋት) እና galgala (ማታ) ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ የማታው አልተሳሳተም።

ሦስቴ የሚወሰደው አንዴ ብቻ ሲወሰድ

ፋርማሲው ከረጢቱ ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ይላል። ወንድሜ «8 ሰዓት ላይ» ብሎ ሰማው፤ እናቴ የኢንፌክሽን መድኃኒቷን ሁለት ቀን ሙሉ ከምሳ በኋላ ብቻ ወሰደች። በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ነው። ውጭ አገር ያለች እህታችን ደግሞ «አላርም 8 ሙሉ» ብላ በስልክ ነገረችን፤ እሷ ያለችው ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ቁጥር ብቻውን አይጻፍ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» ይባል። ከፋርማሲው ሳትወጡ የተነገራችሁን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩ።

ረፋድ ላይ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ነገር ትቀላቅላለች

በስኳር ታማሚ ላይ ይህ ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የስኳር መውረድ ነው። እናቴ የምትወስደው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እምብዛም አያወርድም፤ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን ምግብ ከሌለ ያወርዳሉ። ሁዳዴ ላይ እናቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ኪኒኗን ግን በጠዋቱ እንሰጣት ነበር። ደብተሩ ላይ ሁሉም ትክክል ነው፤ ሰዓቱም ፊርማውም አለ። ምግቡ ብቻ የለም።

በዚያ ሰዓት የሚደረገው፦ መለኪያ ካለ ለኩ፤ ከ70 በታች ዝቅ ማለት ነው። መለኪያ ከሌለም አትዘግዩ። ነቅታ የምትውጥ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧት፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ስኳር ያለው ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ድገሙ፤ ሲሻላት ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ ባገኛችሁት መኪናም ባጃጅም ወደ ሆስፒታል።

እንዳይደገም እኛ አንድ ደንብ አወጣን፦ ሳህኑ ሳይቀርብ ኪኒኑ አይቀርብም። ጾሙ ከመግባቱ በፊትም ለሐኪሙ ተናገርን። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችን መድኃኒታቸው ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዞርላቸዋል፤ መጠኑም ሊለወጥ ስለሚችል ይህም በሐኪም ነው።

«ይሄ የኔ ኪኒን አይደለም»

የታማሚን ቅሬታ አትናቁ። ባለፈው ወር ነጭ የነበረው በዚህ ወር ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ፋብሪካው ተለውጧል፣ መጠኑ ተለውጧል፣ ወይም በስህተት ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷል። እኛ ጋ የግፊት መድኃኒቷ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ጠፍቶ ባለ 10 ተሰጠን፤ ደብተሩ «አንድ ፍሬ» ስለሚል አንድ ፍሬ ሰጠናት። እጥፍ መሆኑ ነው። «ፍሬ» ብቻ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

የንግድ ስምም ያምታታል። ግሉኮፋጅና ሜትፎርሚን አንድ ናቸው፤ ላሲክስና ፉሮሰማይድም እንዲሁ። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ስም ሲመጣ ሁለቱም አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። አዲስ ማሸጊያ በመጣ ቁጥር ከአሮጌው ጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ፤ ካልተስማማ አትስጡ፣ ይዛችሁ ተመለሱ።

ትራስ ሥር ኪኒን ሲገኝ

እልኸኝነት መስሎን ተቆጥተናት ነበር። መዋጥ አቅቷት ነው፤ ከስትሮክ በኋላ የተለመደ ነገር ነው። በውኃ ሲያስላት ወይም ድምጿ ጉሮሮዋ ውስጥ ውኃ ያለ ይመስል ሲንኮራኮር ሐኪም ይያት። ቀና አድርጋችሁ ካላስቀመጣችኋት አትስጡ። ኪኒኑን ፈጭቶ በምግብ ማዋሐድ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ኪኒኖች ሲፈጩ የቀኑን መጠን በአንዴ ይለቃሉ። የትኛው እንደሚፈጭ ፋርማሲስቱ ይንገራችሁ፤ በፈሳሽ የሚገኝም ይኖራል። ሳይነግሩ በምግብ ደብቆ መስጠት ደግሞ አንድ ቀን ሲታወቅ ምግቡንም እምቢ ያስብላል።

ማስቀመጫና ቀን

የጅማ እርጥበት ከማሸጊያው የወጣ ኪኒን አይምርም፤ ፈርፈር ያለ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ካያችሁ ጣሉት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከነካው አይሠራም። የተከፈተውን ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ ብዙዎቹ 28 ቀን ስለሚያገለግሉ የተከፈተበት ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፍ።

የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጎረቤታችን 08/2026 የሚለውን አይታ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብላ ነበር። ነሐሴ 2018 ማለት ነው።

ሐኪሙ «ምን ትወስዳለች?» ሲል ሁሉም ዝም

ወደ ቀጠሮ የሚወስዳት ብዙ ጊዜ ነፃ የሆነው ሰው ነው እንጂ መድኃኒት የሚሰጣት አይደለም። ስለዚህ ደብተሩ ከካርዷ ጋር አብሮ ይሂድ፤ መድኃኒቶቹም ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል። አዲስ ነገር ከታዘዘ «አሮጌው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ጻፉ። በፌስታሉ ውስጥ የቤቱም መድኃኒት ይግባ፦ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከገበያ የተገዛው ቅጠል ሁሉ። አንዳንዱ ስኳርና ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ከኪኒኑ ጋር ይደራረባል። ጫትም ካለ አይደበቅ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋል። የጥቁር አዝሙዱን ጠርሙስ ሐኪሙ ፊት ሳወጣ እናቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።